ወደ ቤቱ ያልተመለሰው ሰው



በልጅነታችን ማታ ማታ ከምድጃ ዳር ተሰብስበን ተረት ስንሰማ፣ ፍጻሜው ያላማረን እንደ ሆነ «ከዚያስ? ከዚያስ ምን ሆነ?» እያልን አያቶቻችንን እናስጨንቅ ነበር። እነርሱም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ይዘጉታል፤ ከዚያ ወዲያ መልስ የለም። ዛሬ ተረቱ የሚመጣልን በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ መስኮት ነው። ፍጻሜው ሳያምር ሲቀር በሰው ልብ የሚነሣው ጥያቄ ግን ያው የልጅነቱ ጥያቄ ነው።

በቅርቡ ከዓርብ ቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ስንጠጣ፣ አንድ ወንድማችን በዕረፍት ቀኖቹ አይቶ የጨረሰውን አንድ የቆየ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ተረከልን። ታሪኩን ሲያበቃ ድምፁ የንዴት ነበር። «አምስት ምዕራፍ ሙሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል ብዬ ጠብቄ፣ በመጨረሻ አልተመለሰም ብለው ጻፉብኝ» አለ። ሌላው «እኔስ ደስ ብሎኛል፤ እንዲያ ያለ ሰው እንዲያ ነው የሚጨርሰው» ብሎ ተከራከረው። ክርክሩ ሲጋጋል አንዲት እኅታችን ሻይዋን አስቀመጠችና «እኔ እንደ እርሱ ያለ ሰው ዐውቃለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእርስዋ ዝምታ ነው።

ድራማው «ኳንተም ሊፕ» ይባላል፤ «ሊፕ» ዝላይ ማለት ነው። ዶናልድ ቤሊሳሪዮ የፈጠረው ይህ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 እስከ 1993 ኤንቢሲ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በአምስት ምዕራፎች፣ ከ90 በላይ በሚሆኑ ክፍሎች ታይቷል። ዋናው ሰው ዶክተር ሳም ቤኬት የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ስኮት ባኩላ ተጫውቶታል። ሳም በኒው ሜክሲኮ በረሃ በተሠራ ምስጢራዊ ተቋም ውስጥ በጊዜ ወደ ኋላ የሚያስጉዝ መሣሪያ ይሠራል። ለሥራው የተመደበው ገንዘብ ሊቋረጥበት በተቃረበ ጊዜ፣ መሣሪያው ገና ሳይፈተን ራሱ ይገባበታል። ከዚያም ባለፈ ዘመን፣ በሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

ወደ መስታወት ሲመለከት የሚያየው የራሱን ፊት አይደለም፤ ቦታውን የያዘበትን የዚያን ሰው ፊት ነው። በዙሪያው ያሉትም ሁሉ በዚያ ሰው ስም ይጠሩታል። በዚያ ቤት ተበላሽቶ የነበረውን አንድ ነገር ሲያቃና፣ ሳይሰናበት ወደ ሌላ ሰው ሕይወት ይዘላል። በየዝላዩም ትዝታው እየሳሳ፣ ስለ ራሱ የሚያውቀው እያነሰ ይሄዳል። አንድ ወዳጅ ብቻ አለው፤ ዲን ስቶክዌል የተጫወተው የባሕር ኃይሉ አድሚራል አል ካላቪቺ። አል ካለበት ዘመን ሆኖ በብርሃን በተሠራ ምስል ይመጣለታል። ሳም ያየዋል፣ ይሰማዋል፤ ሊነካው ግን አይችልም።

ይህ ሲተረክ በአዳራሹ የነበርን ሁሉ እርስ በርስ መተያየታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። በሌላ ሰው ማድ ቤት፣ በሌላ ሰው ልጆች መካከል መዋል፤ ለአፍ ይቀላል ተብሎ በወጣልን ስም መጠራት፤ እናታችንን በስልክ መስኮት እያየን፣ ድምፅዋን እየሰማን፣ እጅዋን ለመሳም አለመቻል፤ ይህ ለእኛ የሳይንስ ልብ ወለድ አይደለም። ስለዚህ የሳምን ፍጻሜ የምንመዝነው እንደ ሩቅ ተመልካች ብቻ ሆነን አይደለም።

ወደ ፍጻሜው እንምጣ። የድራማው መክፈቻ አንድ ተስፋ እየደጋገመ ያስታውስ ነበር፤ ሳም ከሕይወት ወደ ሕይወት ሲዘል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ቀጣዩ ዝላይ ወደ ቤቱ የሚመልሰው እንዲሆን ይመኛል የሚል። የመጨረሻው ክፍል «ሚረር ኢሜጅ» የታየው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1993 ነው። በዚህ ክፍል ሳም ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኮክበርግ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ፣ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ይደርሳል። ቀኑ ኦገስት 8 ቀን 1953፣ እርሱ ራሱ የተወለደበት ቀን ነው። ወደ መስታወት ሲመለከትም ሽበት የጀመረውን የራሱን ፊት ያያል።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ከሚናገረው በላይ የሚያውቅ ይመስላል። ሳም ከሕይወት ወደ ሕይወት ሲዘዋወር የኖረው እግዚአብሔር እየላከው እንደ ሆነ ያምናል፤ ባለቤቱ ግን የሚያዘልለው ራሱ ሳም እንደ ሆነ፣ ዕጣውም በእጁ እንዳለ ይነግረዋል። ወዴት መሄድ ይወድዳል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሳም መልሱን አይፈልግም፤ መልሱ ቤቱ ነው። ነገር ግን ለወዳጁ ለአል ያላቃናው አንድ ነገር አለ። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሳይሆን፣ በ1969 ሳንዲያጎ ውስጥ ወደ ነበረችው ወደ አል የመጀመሪያ ሚስት ወደ ቤዝ ይሄዳል። ባልዋ በቬትናም የጠፋባት ቤዝ፣ ሞቷል ብላ ተስፋ ልትቆርጥና ሌላ ልታገባ በተቃረበችበት ሰዓት፣ ሳም አል በሕይወት እንዳለና እንደሚመለስ ይነግራታል።

ከዚያ በኋላ የቀረው በጽሑፍ ብቻ ተነገረ። ቤዝ ሌላ ባል አላገባችም፤ ከአል ጋር አራት ሴቶች ልጆች ወልደዋል፤ የጋብቻቸውንም 39ኛ ዓመት ሊያከብሩ ነው። ቀጥሎም የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መጣች፤ ዶክተር ሳም ቤኬት ወደ ቤቱ ከቶ አልተመለሰም ትላለች።

ብዙ ተመልካቾች ይህን ፍጻሜ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። ቅሬታቸውን እንደ ልጅነት ማየት ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን መልስ የሚገባው ነው። የመጀመሪያው ቅሬታ የተሰበረ ቃል ነው። ተራኪ በየጊዜው ተስፋ እየሰጠ ሰሚውን ለዓመታት ካስቀመጠው በኋላ፣ ተስፋውን በአንድ መስመር ሊሰርዘው ይገባልን? ሁለተኛው ቅሬታ ስለ አኳኋኑ ነው። ሳም ሲሰናበት፣ ሲያለቅስ ወይም ሲጸና አላየንም፤ የተቀበልነው እንደ መርዶ የተጻፈ ቃል ነው። ይባስ ብሎ በዚያች ዓረፍተ ነገር የሰውየው የቤተሰብ ስም እንኳ አንድ ፊደል ጎድሎት ተጽፏል። ወዳጆቹ እስከ ዛሬ ያችን የጎደለች ፊደል እንደ ስድብ ይቈጥሯታል። በባዕድ አገር ስሙ በመታወቂያው ላይ ተሳስቶ የተጻፈበት ሰው ይህን ቍጣ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ፍጻሜውን የሚወዱት ደግሞ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንድናስታውስ ይጠይቁናል። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ አል ወዳጁን ስለ ቤዝ ለምኖት ነበር፤ በሕይወት እንዳለሁ ንገርልኝ፣ እንድትጠብቀኝ አድርግልኝ ብሎ። ሳም የተላከበት ጉዳይ ይህ አለመሆኑን ተናግሮ እምቢ አለው። አልም በብርሃን ምስልነቱ፣ ሳትሰማውና ሳታየው፣ ከሚስቱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ጨፈረ። ያን ትዕይንት ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

በሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ደግሞ የሳም ተራ ደረሰ። በ1970 ቬትናም ውስጥ ወንድሙን ቶምን ከሞት የማዳን ዕድል አገኘ፤ አዳነውም። ነገር ግን በዚያ ቀን የሞተች አንዲት የፎቶግራፍ ጋዜጠኛ ባነሣችው የመጨረሻ ፎቶግራፍ ላይ የጦር ምርኮኞች ይታያሉ፤ ከእነርሱ አንዱ አል ነው። አል በዚያ ቀን ነጻ ሊወጣ ይችል ነበር፤ እያወቀ ዝም ብሎ የወዳጁን ወንድም አስቀደመ። እንግዲህ የመጨረሻው ዝላይ ከየትም የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም ይላሉ የፍጻሜው ወዳጆች። የቆየ ዕዳ ተከፈለ፤ ሳም አንድ ጊዜ የነፈገውን በራሱ ኪሳራ መለሰ። ከዚህ የሚበልጥ ፍጻሜ ምን አለ?

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ የምይዘው ቦታ ይህ ነው፤ ሳም ያደረገው ነገር የሚገባ ነበር፤ ድራማው የተናገረበት መንገድ ግን ጎደሎ ነው። ጉድለቱም ሰውየው ወደ ቤቱ አለመመለሱ አይደለም። ጉድለቱ ዋጋውን የከፈለው ሰው ስሙ አለመጠራቱ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሳም ብቻ አይደለም። ሚስቱ ዶና ናት።

በአራተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ሳም ለአጭር ጊዜ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር። በአንድ አጋጣሚ እርሱና አል ቦታ ተለዋወጡ፤ ሳም ወደ ራሱ ዘመን ሲመጣ የተዘነጋችው ሚስቱ ዶና ስትጠብቀው አገኛት። ደስታቸው ግን ሳይነጋ አበቃ። አል በ1945 ውስጥ ሊገደል መሆኑ ሲታወቅ፣ ሳም ወዳጁን ለማዳን እንደ ገና ወደ መሣሪያው ገባ። ሲዘልም ዶናን ረሳት። እርስዋ ግን አልረሳችውም። ሚስት እንዳለችው ቢያውቅ ሥራውን ለመፈጸም ልቡ እንዳይከፈል፣ አል እንዳይነግረው የፈለገችው እርስዋ ራስዋ ናት።

እንግዲህ አስቡት። ሳም በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ቤቱን ሲተው፣ ምን እንደሚተው በሙሉ አላወቀም። እያወቀች የሰጠችው ዶና ናት። ሆኖም በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ የአል ሚስት፣ የአል ልጆች፣ የአል የጋብቻ ዓመታት ሲቈጠሩ፣ ስለ ዶና አንዲት ቃል አልተጻፈችም። አንዲት ሴት ባልዋን ታገኝ ዘንድ ሌላይቱ ባልዋን አጣች፤ ድራማው የመጀመሪያይቱን ደስታ ነገረንና የሁለተኛይቱን ሐዘን ከመጋረጃ በስተ ጀርባ ተወው። ተመልካቹ በሳም አለመመለስ ያዘነው ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ አድራሻውን ግን ያጣ ይመስለኛል። በዚያች በጎደለች ፊደል የተናደድን ሰዎች፣ በጎደለችው ሴት ልንናደድ ይገባን ነበር።

ይህ ነገር በመካከላችን እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እኅታችን ወንድሞችዋን ለማስተማር ሁለት ዓመት ብላ ትመጣለች። ሁለቱ ዓመት ስድስት ይሆናል፣ ስድስቱ ዐሥር ይሆናል። ወንድሙ ሲመረቅ ፎቶግራፍ ይላካል፤ ቤቱ ሲሠራ ቆርቆሮው ይታያል፤ ሁሉም «ተባረኪ» ይላታል። በዚህ መካከል ከአያትዋ ጋር ያደገው የገዛ ልጅዋ እናቱን «አክስቴ» ማለት ጀምሯል። ልጁ ይህን መሥዋዕት አልመረጠውም፤ ማንም አልጠየቀውም። እኛም የሄደችውን ስናመሰግን የቀረውን እንረሳለን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ይገለበጣል፤ በአገር ቤት የቀሩትን ስናዝንላቸው፣ በሰው አገር ለብቻዋ የምታረጀውን እንረሳለን።

የዶና ዝምታም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባት ሲሞት መርዶው እንዳይነገራት ቤተሰብ ይማከራል፤ «እዚያ ብቻዋን ናት፣ ማን ያጽናናታል? ሥራዋንስ እንዴት ትሠራለች?» ይባላል። በስልክም «አባባ ተኝተዋል»፣ «አባባ ገጠር ሄደዋል» ይባላታል። እርስዋም በበኩልዋ ደመወዝ ሳይከፈላት የቀረችባቸውን ወራት፣ ታምማ የተኛችባቸውን ቀናት አትናገርም፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንሁም» ትላለች። ሁለቱም ወገን ሌላውን ለማሳረፍ ዝም ይላል፤ ሁለቱም ወገን ብቻውን ያለቅሳል። ይህ ዝምታ የሚመነጨው ከፍቅር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በፍቅር የተጀመረ ዝምታ ሲረዝም፣ የሚወዱንን ሰዎች እንደ ሳም ትዝታ እየበሳሳ ከልባችን ያወጣቸዋል።

ከዚህ ጋር ልናገረው የሚገባኝ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር የሳምን ፍጻሜ በማመስገን በአንዳንዶቻችሁ ላይ ሸክም የምጨምር እሆናለሁና። የሳም ምርጫ ክብር ያገኘው ነጻ ምርጫ ስለ ሆነ ነው። ዕጣው በእጁ መሆኑ ተነግሮታል፤ ወዴት ይወድዳል ተብሎም ተጠይቋል። ወደ ቤቱ መሄድ እየወደደ ሌላውን አስቀደመ። ፓስፖርቱ በሌላ እጅ የተያዘበት፣ የሠራበት ደመወዝ የተከለከለበት፣ ውሉ ካለቀ በኋላ እንዳይወጣ የተደረገ ሰው ግን እንዲህ አልተጠየቀም። እርሱ ወደ ቤቱ አለመመለሱ መሥዋዕት አይደለም፤ በደል ነው። መሥዋዕት ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ነው፤ ከእጁ ተቀምቶ የተወሰደበትን ግን መሥዋዕት ብለን ስም አናውጣለት። ለእንዲህ ያለው ሰው ስለ ሳም ጽናት ልንሰብክለት አይገባንም፤ ወረቀቱን እንዲያስመልስ፣ ደመወዙን እንዲያገኝ፣ የአገሩን መርከብ ወይም አውሮፕላን እንዲሳፈር አብረነው ልንደክም ይገባናል።

ደግሞም ስለዚያች «ከቶ አልተመለሰም» ስለምትል ቃል አንድ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ክፍል በተቀረጸበት ጊዜ ድራማው ይቀጥል አይቀጥል ገና አልተወሰነም ነበር። ቀጣይ ምዕራፍ ቢኖር ሳም ከባዱን ጉዞ ይቀጥል ዘንድ በር ተከፍቶለት ነበር። ያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የተጨመረችው ጣቢያው ድራማውን ካቋረጠ በኋላ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ በቴሌቪዥን ያልታየ ሌላ ፍጻሜ ተቀርጾ እንደ ነበር የሚያሳዩ ምስሎች ተገኙ፤ በእነርሱ አልና ሚስቱ ቤዝ አብረው ይታያሉ፤ የታሰበውም አል የጠፋውን ወዳጁን ፍለጋ እንዲወጣ ነበር። ስለዚህ «ከቶ» የሚለው ቃል ከታሪኩ ከራሱ የበቀለ አይደለም። በቢሮ የተወሰነ ውሳኔ እንደ ዕጣ ፈንታ ሆኖ የተጻፈበት ነው።

ይህን ማወቁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በሕይወታችንም ብዙ «ከቶ» የሚሉ ቃላት ይጻፉብናል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሲከለከል፣ ጦርነት መንገዱን ሲዘጋ፣ ያጠራቀምነው ገንዘብ ላልታሰበ ሕመም ሲወጣ። በእነዚህ ቀናት የተጻፈብንን ቃል እንደ መጨረሻ ቃል እናነበዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያን ቃል የጻፈው አንድ የተዘጋ በር ነው፤ በሩን የዘጋው ደግሞ ሰው ነው። ሰው የዘጋውን በር የእግዚአብሔር ፍርድ አድርገን ልንቈጥረው አይገባንም። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ከናባው ተራራ አሻግሮ አይቶ ሳይገባባት ሞተ፤ ተራራው ከብዙዎቻችሁ መኖሪያ እምብዛም ሳይርቅ በዮርዳኖስ አገር ይገኛል። ቅዱስ መጽሐፍ ያንን ሞት እንደ ሽንፈት አልተረከውም፤ ሕዝቡም ሠላሳ ቀን አለቀሰለት። የሙሴን አለመግባት ሳይደብቅ ነገረን፤ ልቅሶውንም ጻፈልን። ድራማው ያጎደለው ይህን ነው፤ ልቅሶውን።

በ2022 ኤንቢሲ የዚህን ድራማ ተከታይ አዲስ ሥራ በሌሎች ተዋናዮች ጀምሮ ለሁለት ምዕራፎች አሳየ። የቀድሞው ተመልካች ዐይኑን በሩ ላይ ተክሎ ሳምን ጠበቀው፤ አሁንም አልመጣም። ዲን ስቶክዌልም አዲሱ ሥራ ሳይጀመር በ2021 ከዚህ ዓለም ተለየ። ነገር ግን በአዲሱ ታሪክ ውስጥ ከአልና ከቤዝ ሴቶች ልጆች አንዷ ጃኒስ በሰውነት ትታያለች። ይህች ልጅ፣ አንድ ሰው በዚያች ምሽት ወደ ቤቱ ቢሄድ ኖሮ ያልተወለደች ልጅ ናት። በመጀመሪያው ፍጻሜ ላይ በቍጥር ብቻ የተነገረችው፣ እዚህ ፊትና ድምፅ አግኝታለች። የሳም ዝላይ ከንቱ አልነበረም የሚሉት ወገኖች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈልጉም። እኔም እስማማለሁ። ግን ያው ጥያቄዬ አብሮኝ አለ፤ ዶናስ?

ስለዚህ በአዳራሹ ለተከራከሩት ሁለት ወንድሞቻችን እንዲህ እላቸዋለሁ። አንተ የተቈጣኸው፣ ቍጣህ ትክክል ነው፤ ሰው ወደ ቤቱ እንዲመለስ መመኘት የሚያሳፍር ምኞት አይደለም፤ ማንም በመንፈሳዊ ቃል ሊያስተውህ አይገባም። አንተም የወደድኸው፣ ፍቅርህ ትክክል ነው፤ ስለ ወዳጁ ቤቱን ያቈየ ሰው ከንቱ አልደከመም። ሁለታችሁም ግን በሚቀጥለው ጊዜ ታሪኩን ስትተርኩት ዶናን አትርሷት።

ለሁላችሁም ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ሳምንት ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ተላከው ገንዘብ ብቻ አትነጋገሩ። የሚጠብቃችሁን ሰው፣ ልጅ ቢሆን ሚስት ወይም ባል፣ እናት ብትሆን አባት፣ በስሙ ጥሩትና መጠበቅ እንዴት እንደ ሆነበት ጠይቁት። መልሱ ቢያሳምምም አድምጡት። እናንተም ብትችሉ እውነቱን ንገሩት፤ መቼ ለመመለስ እንደምታስቡ፣ የማትመለሱም ከሆነ ስለ ምን እንደ ሆነ። የሚጠብቅ ሰው ሊሰማው የሚገባው እውነት በማይታወቅ እጅ ተጽፎ በመስኮት ላይ እንዲደርሰው አትተዉት።

በዚያ ዓርብ ዝም ያለችው እኅታችን ሻይዋ ሲቀዘቅዝ ተነሥታ ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «ሰውየው ቢመለስ ኖሮ የሚያውቁት ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያን ጊዜ የምመልስላት አላገኘሁም። አሁን ግን እንዲህ እላታለሁ፤ ዶና ታውቀዋለች። አንቺንም የሚያውቅሽ አለ፤ ደውዪለት።

የእግዚአብሔር ሰላም ከእናንተና በሩቅ ከሚጠብቋችሁ ሁሉ ጋር ይሁን።